ሐረጋዊ ግሶች ከነተሳቢያቸው ይጠኑ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሶች፣ ማለትም ግስ እንደ «አፕ» ወይም «ኦፍ» ካለ አጭር ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ፍቺ የሚሰጥባቸው፣ በአብዛኛው ከፍቺያቸው ጋር ብቻ ተደርድረው መሸምደዳቸው ተማሪውን ይጎዳዋል፤ ግሱ ተሻጋሪ፣ ማለትም ተሳቢ (ድርጊቱ የሚያርፍበትን ስም) የሚቀበል፣ መሆን አለመሆኑን ያላወቀ ሰው ፍቺውን በቃሉ ቢይዝም እንኳ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ለመመሥረት ይቸገራልና። ለምሳሌ ማደግን የሚገልጸው «ግሮው አፕ» ተሳቢ አይቀበልም፤ ስለዚህም በተደራጊ መልክ አይገባም።

ይበልጥ የሚያስቸግረው የተሻጋሪዎቹ የቃላት ቅደም ተከተል ነው። መብራት ስለ ማጥፋት ስንናገር «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ወይም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ማለት እንችላለን፤ ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ግን «ተርን ኢት ኦፍ» እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። በአንጻሩ መንከባከብን የሚገልጸው «ሉክ አፍተር» ተሻጋሪ ቢሆንም ስለማይነጣጠል፣ ተውላጠ ስሙ መጨረሻ ላይ ይውላል፤ «ሉክ አፍተር ሂም» እንደሚባለው። «ቴክ ኦፍ» ደግሞ አውሮፕላን ሲነሣ ኢተሻጋሪ፣ ሰው ኮቱን ሲያወልቅ ተሻጋሪ ነው።

ጥሩ መዝገበ ቃላት የተሳቢውን ቦታ ከግሱ ጋር ያሳያሉ። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና መምህራንም እያንዳንዱን ሐረጋዊ ግስ ከነተሳቢው ቦታ በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲያቀርቡ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር