የምግብ ዝግጅት ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥብስ

መስከረም 2017 ዓ.ም. ለርእሰ መምህሩ ያስገባሁት ዕቅድ በአሥር ወር አሥር የውጭ አገር ምግቦችን እንደምንሠራ ይናገራል። የሠራነው አንድ ነው፤ የታይላንድ ጥብስ። ዘጠኙ የት ገቡ ለሚል ሁሉ መልሴ ይኸው።

ነገሩ የመጣው በጠርሙስ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን፣ እናቷ አያቷን ለማሳከም ባንኮክ ሄደው ሲመለሱ የያዙትን ጠርሙስ አመጣችልን። ናም ፕላ ይባላል፤ በታይኛ ናም ውሃ፣ ፕላ ደግሞ ዓሣ ነው። ትንንሽ ዓሣ ከጨው ጋር ወራት ተቀምጦ የሚወጣው ፈሳሽ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የክበቡ ግማሽ ወደ መስኮቱ ሮጠ። እናትየው ሌላ ምግብ በስሙ መጥራት ስላልቻሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዘዙት አንዱን ነበር፦ ፓድ ክራፓው። ደቆ የተከተፈ ሥጋ በክራፓው ቅጠል ተጠብሶ ከነጭ ሩዝ ጋር ይቀርባል፤ ከላዩ የተጠበሰ እንቁላል ይደረጋል። በኋላ ሳነብ ታዮቹ ራሳቸው «ምን ልብላ ብሎ ሐሳብ ያለቀበት ሰው ምግብ» እያሉ እንደሚቀልዱበት አወቅሁ። እናትየው ሳያውቁት የአገሬውን ልማድ ጠብቀዋል።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ነጭ ሽንኩርትና ትንንሽ ቃሪያ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በጋለ ዘይት ትንሽ ይቁላላል፣ ሥጋው ይገባል፣ ሶሶቹ (ናም ፕላ፣ ሶያ ሶስና ኦይስተር ሶስ) ይጨመራሉ፣ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይበተናል። ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ቃሪያው በታይኛ «ፕሪክ ኪ ኑ» ነው፤ የአይጥ በጠጥ ቃሪያ እንደማለት። ይህን ከነገርኳቸው በኋላ የ9ኛ ክፍሎቹን ማስተማር አቃተኝ። እኛ የተጠቀምነው ገበያ የሚሸጠውን እሸት ሚጥሚጣ ነው።

ጥቅምት ላይ ሁለት ኪሎ ሥጋ በአንድ ድስት፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣድን። ሥጋው ውሃውን ለቀቀ፤ ጥብስ ብለን የጀመርነው ቅቅል ሆኖ ወጣ። በልተነዋል፣ ግን ስሙን ማንም አላነሳም። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ በአንድ ዙር ከ250 ግራም በላይ አንጠብስም። ሁለተኛ፣ ምድጃውን ትተን ወደ ከሰል ሄድን፤ አንዱ ሲጠብስ ሌላው ያራግባል። ሥጋውንም የተፈጨ መግዛት ተውንና በቢላ መክተፍ ጀመርን። እዚህ ላይ ልጆቹ ከእኔ በለጡ፤ «ቲቸር፣ ይሄማ ክትፎ ነው!» ብለው ቢላውን ከእጄ ወሰዱት።

ኅዳር ላይ ደግሞ ጭሱ መጣ። ሚጥሚጣው የጋለ ዘይት ሲነካ የክበቡ ክፍል ብቻ ሳይሆን ኮሪደሩ በሙሉ በሳል ተሞላ፤ አጠገባችን ፈተና ላይ የነበረ ክፍል ወጥቶ ሜዳ ላይ ቆመ። ርእሰ መምህሩ ሲጠሩኝ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይዤ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ሶሆ ውስጥ አንድ የታይ ምግብ ቤት ቃሪያ ሲያቃጥል ሽታው የኬሚካል ጥቃት መስሎ መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በር ሰብረው ሲገቡ ያገኙት አንድ ድስት ቃሪያ ነው። ርእሰ መምህሩ ሳቁ። ከዚያ ግን ከሰሉን ከሕንፃው ጀርባ፣ ከውሃው ታንከር አጠገብ እንድናደርገው አዘዙ፤ ዓመቱን እዚያው ጨረስን።

የዓመቱ ትልቅ ክርክር ግን ቅጠሉ ነው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ብዙ ሳላወራ አላልፍም። ክራፓው ኦሲመም ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ነው፤ ሕንዶች ቱልሲ ብለው በየግቢያቸው የሚያከብሩት ቅጠል እሱ ነው። በሶብላችንም የዚያው ወገን ነው፤ ምች የሚታሽበት ዳማከሴም እንዲሁ። ይህን የሰሙ አያት «ዳማከሴ ልትጠብሱ ነው?» ብለው መልእክት ልከውብኛል። አልጠበስንም።

ክራፓው ስላልተገኘ በሶብላ ዘራን። የበሶብላ ዘር ከቅመም ተራ ገዝተን በተቆረጡ ጄሪካኖች ተከልን፤ ጥር መጨረሻ ላይ ለመጥበሻ የሚበቃ ቅጠል ደረሰ። እኛ በሶብላን የምናውቀው ደርቆ በበርበሬና በሽሮ ውስጥ ነው፤ ለምለሙን እፍኝ ሙሉ ትኩስ ሥጋ ላይ መበተን ለሁላችንም አዲስ ነበር። ውጤቱ? ጣፋጭ ነው፣ ግን የመጀመሪያዋ ቀማሽ እንዳለችው «ሽሮ ሽሮ ይላል»። ክራፓው የቅርንፉድና የቁንዶ በርበሬ ጠረን አለው፤ በሶብላ ይህ የለውም። አንድ ልጅ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ አብሮ እንውቀጥ አለ፤ አንዱ በቂ ሆኖ አገኘነው። እኔ አሁንም የሠራነውን ፓድ ክራፓው ብዬ አልጠራውም፤ የምግቡ ስም የቅጠሉ ስም ነውና። ልጆቹ አይስማሙም፤ የክበቡን ማስታወቂያ የጻፉት ግን እነሱ ናቸው።

ቅጠሉን ቀድሞ መጨመርም ሞክረናል። ጠረኑ በሚተን ዘይት ውስጥ ስለሆነ በጭሱ ሄዶ ጥቁር ክር ብቻ ቀረ። ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሁለቴ ማገላበጥ በቂው ነው።

ክበቡ የሚገናኘው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ረቡዕና ዓርብን የዘለልናቸው አውቀን ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ሲገቡ ግን ሐሙስም አላዳነንም። እንዝጋ የሚል ሐሳብ ነበር። ልጆቹ እምቢ አሉ፤ ሥጋውን በእንጉዳይ፣ ናም ፕላውን በሶያ ሶስና በጨው ተክተን ቀጠልን። የኦይስተር ሶሱ ቀድሞም አከራክሮን ነበር፤ ኦይስተር ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ በመሆኑ አንዳንድ ወላጆች አይሆንም ብለው ነበርና እሱም በሶያ ሶስና በስኳር ተተካ።

ችግሩ መቅመስ ነው። የሚያበስለው ሁሉ ጾመኛ ነው፤ ጨው በቃ አልበቃ የሚል ምላስ ጠፋ። ስለዚህ እስከዚያ ቀን «በግምት» ስንል የነበረውን በማንኪያ መለካት ግድ ሆነ። እያንዳንዱ ልጅ ቁጥር የተጻፈበት ምሳ ዕቃ ይዞ ቤቱ ይሄዳል፤ አንዱ ከቅዳሴ መልስ፣ ሌላው ከመግሪብ በኋላ ይቀምስና በሚቀጥለው ሐሙስ ፍርዱን ያመጣል። «3 ቁጥር ጨው በዝቶበታል፣ እማዬ ውሃ ጨመረችበት።» «5 ቁጥርን ታናሽ ወንድሜ ጨረሰው።» በመስከረም ያልነበረን ልክ ሚያዝያ ላይ ደብተር ውስጥ ነበር። ለሁለት ሰው፦ 250 ግራም ሥጋ ወይም እንጉዳይ፣ አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አራት እሸት ሚጥሚጣ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ናም ፕላ (በጾም ያው መጠን ሶያ ሶስና ቆንጠር ጨው)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር ሶያ ሶስ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት እፍኝ ቅጠል። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ የለም። ፎሶሊያ የሚጨምሩ ታዮች አሉ፤ የማይስማሙባቸው ታዮችም አሉ፤ እኔ ከማይስማሙት ጋር ነኝ።

እንቁላሉ ከፋሲካ በኋላ ተመለሰ። ታዮቹ «ካይ ዳው» ይሉታል፣ የኮከብ እንቁላል ማለት ነው። በብዙ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል፤ ዳሩ ቡናማ ሆኖ ይንኮሻኮሻል፣ አስኳሉ ግን ፈሳሽ ይቀራል። ልጆቻችን እንቁላልን መገልበጥ ስለለመዱ ብዙ ኮከብ አበላሽተናል። በዘንድሮ የእንቁላል ዋጋ ይህን መጻፍ አሳፍሮኛል።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ስድሳ ሳህን አወጣን፤ በ250 ግራም ሕግ ሠላሳ ዙር ማለት ነው፣ ሁለት ከሰል ምድጃ ጎን ለጎን። ሁለት አባቶች እንጀራ የለም ወይ ብለው ጠየቁ፤ ከመምህራን ክበብ አስመጣንላቸው። ጠርሙሷን ያመጡት እናት ቀምሰው ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ቅጠሉ ሌላ ነው፣ ቁጣው ግን ያው ነው» አሉኝ።

ናም ፕላው በ28ኛው ዙር ላይ አለቀ። በክረምቱ ወደ ባንኮክ የሚጓዝ ወላጅ ካለ አንድ ጠርሙስ፣ ቢቻል ደግሞ ጥቂት የክራፓው ዘር ቢያመጣልን ክበቡ ወጪውን ይከፍላል። ጄሪካኖቹ ከውሃው ታንከር አጠገብ ባዶ ተቀምጠዋል።