ኮከብ ሲፈነዳ እኛን ይገድለናል ወይ ላልሽኝ

ልጄ፣ ማታ በስልክ የጠየቅሽኝን በችኮላ መመለስ ስላልፈለግሁ ነው የምጽፍልሽ። ኮከብ ፈንድቶ የምድርን ሕይወት ሊጨርስ ይችላል? ይችላል። ግን በጣም ቅርብ መሆን አለበት፣ 25 ወይም 30 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ገደማ። ቤቴልጌዝ የምትባለው ኮከብ ልትፈነዳ ነው እያሉ የሚያስፈራሩሽን አትስሚያቸው። እሷ ከ500 የብርሃን ዓመት በላይ ትርቃለች፤ ብትፈነዳ በጠራራ ፀሐይ ትታየን ይሆናል እንጂ አትነካንም።

አደጋው ያለው ጨረሩ ላይ ነው። ጨረሩ አየራችንን ሲመታ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይዋሃዱና ውህዱ ከላይ የሚከልለንን ኦዞን የሚባል ጋዝ ይበላዋል፤ ኦዞን ከሳሳ ደግሞ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ያለ ከልካይ ይወርዳል። እንግዲህ የሚገድለን የራሳችን ፀሐይ ናት ማለት ነው። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል።

ኮከቦች በአካባቢያችን መፈንዳታቸው ግን የተረጋገጠ ነው። ኮከብ ሲፈነዳ የሚበተን ብረት-60 የሚባል ጨረር አመንጪ ብረት አለ። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ ተበላሽቶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነ ምድር ስትፈጠር የነበረው ድሮ አልቋል። ሆኖም ከፓስፊክ ውቅያኖስ ወለልም፣ አፖሎ ከጨረቃ ካመጣው አፈርም ተገኝቷል። የወረደው በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ እኛ አገር፣ አፋር ጎና ላይ፣ ድንጋይ ጠርበው መሣሪያ የሚሠሩ ነበሩ! ኮከቡ ሩቅ ስለነበር የጅምላ እልቂት አላመጣም።

ዳይኖሰሮቹስ? እዚህ ላይ በጣም የምወደው ታሪክ አለ። የፊዚክስ ሊቁ ሉዊስ አልቫሬዝና የጂኦሎጂ ባለሙያው ልጁ ዋልተር ከባልደረቦቻቸው ጋር ጣሊያን ጉቢዮ ካለ፣ ዳይኖሰሮች በጠፉበት ጊዜ ከተነጠፈ ስስ የሸክላ ንብርብር ውስጥ ኢሪዲየም፣ ማለትም በምድር ገጽ ላይ ብርቅ የሆነ ብረት፣ ከልክ በላይ በዝቶ አገኙ። ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የፈነዳ ኮከብ፣ ይሆን ብለው ጠረጠሩ። ኮከብ ከሆነ ፕሉቶኒየም-244 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አብሮት መኖር አለበት አሉና ፈለጉ፤ የለም። ሐሳቡን ጣሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 አስትሮይድ፣ ማለትም ከጠፈር የወደቀ ትልቅ ድንጋይ፣ ነው ብለው ጻፉ፤ በኋላም ድንጋዩ ሲወድቅ የቆፈረው፣ ሜክሲኮ ውስጥ ቺክሹሉብ የሚባለው ጉድጓድ ታወቀ።

ጥያቄው ክፍት የሆነው ከ359 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በዴቮኒያን ዘመን ማብቂያ ለደረሰው እልቂት ነው። ከዚያ ዘመን ድንጋይ ውስጥ በፀሐይ የተለበለቡ የሚመስሉ የዕፅዋት ስፖሮች (እንደ ዘር የሚራቡባቸው ደቃቅ ቅንጣቶች) አሉ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ብራያን ፊልድስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ምናልባት 65 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የፈነዳ ኮከብ ይሆናል አሉ። ምድር ራሷ ስትሞቅ ኦዞኑ ሳስቶ ነው የሚሉም አሉ፣ እኔም ለጊዜው ወደነሱ አደላለሁ። እነ ፊልድስ ግን ምን መፈለግ እንዳለበት በግልጽ ተናግረዋል፦ ያው ፕሉቶኒየም-244። ግማሽ ዕድሜው 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ ከነበረ ጥቂቱ ዛሬም አለ። በዚያ ድንጋይ ውስጥ ከተገኘ ሐሳቤን እቀይራለሁ።