አውቶማቲክ መኪና ሲቆምብሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ብቻሽን መንዳት ከጀመርሽ ወዲህ ይህን ሳልጽፍልሽ መቆየት ከብዶኛል።

መኪናው እየሄደ ሳለ ሞተሩ ቢጠፋ ብዙም አትደንግጪ። ማርሹ ዲ (መንጃው) ላይ ስለሆነ ማንሻውን ወደ ኤን (ጎማውን ከሞተሩ የሚያላቅቀው ነጻ ማርሽ) ትገፊና በቀረው ግፊት ዳር ትይዣለሽ። አራቱንም ፍሬቻ አብሪ። ቁልፉን ግን እንዳትነቅዪ፤ መሪው ሊቆለፍብሽ ይችላል። መሪው ይከብድሻል፣ ፍሬኑም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይደድራል፤ ስለዚህ ደጋግመሽ ሳትለቂ አንዴ አጥብቀሽ ርገጪ።

የሚያስቸግረው ፒ (የማቆሚያው ማርሽ) ላይ እንዳለ ባትሪው ሲሞት ነው። ፒ ላይ ሲሆን ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ አንዲት ብረት ጥርሶች መሀል ገብታ ጎማዎቹን ስለምትይዝ ሰው ተሰብስቦ ቢገፋውም ንቅንቅ አይልም። ማንሻው ከፒ እንዳይወጣ የያዘው መቆለፊያ ደግሞ ፍሬን ሲረገጥ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ለዚህ ሲባል በብዙ መኪኖች ላይ ከማንሻው አጠገብ ትንሽ ክዳን አለች። ክዳኗን አንስተሽ ከሥሯ ያለውን ማስለቀቂያ በካቻቢቴ ወደ ታች ጫን ብለሽ ሳትለቂ፣ በእግርሽ ፍሬን እንደረገጥሽ ማንሻውን ወደ ኤን ትስቢያለሽ።

ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የእጅ ፍሬን! ጎማው ሥርም ታኮ ወይም ድንጋይ ይደረግ። ማርሹ ኤን ላይ ከገባ በኋላ መኪናውን የሚይዘው ሌላ ነገር የለም። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ይቅርብሽ፣ እርዳታ ጠብቂ። የሚንሸራተት መኪና በእጅ አይመለስም፤ ከፊቱም ከኋላውም እንዳትቆሚ። ሐዲድ ላይ ቆሞ ባቡር እየመጣ ከሆነማ ማርሹን አታስቢ፣ ወርደሽ ሽሺ። መኪና ይተካል።

ማርሻቸው ቁልፍ በመጫን ወይም በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ መኪኖች ግን ክዳኗ ላትኖራቸው ትችላለች። እነሱን ብዙ ጊዜ በሌላ ባትሪ ኃይል መስጠት ይቀላል። ኤን የሚጠቅመው ወደ ዳር ለመግፋት እንጂ ረጅም መንገድ ለመጎተት አይደለም፤ ሞተሩ ካልሠራ የካምቢዮው ዘይት ስለማይዞር ውስጡ ይቃጠላል። ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው ይጫን በያቸው።

ነዳጅ መስጫው ተይዞ መኪናው አልቆም ቢልሽም መውጫሽ ይኸው ኤን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ቶዮታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለማስተካከል መልሶ የጠራው ምንጣፍ ነዳጅ መስጫውን ሊይዘው ስለሚችል ነበር። ኤን አስገቢ፣ ፍሬኑን አጥብቀሽ ርገጪ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ። ሳይቆም ግን እንዳታጠፊው።

በዚህ ሳምንት የመኪናሽን መመሪያ መጽሐፍ አውጪና ክዳኗ የት እንዳለች ፈልጊ። ሜዳ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ይዘሽ፣ አንዴ ሞክሪው። ካቻቢቴ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጪ። ያገኘሽበትን ቦታም ጻፊልኝ።

እናትሽ