የጣሪያ በረዶ ግድብ መነሻው ኮርኒሱ ነው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ብርድ ወራት የቤት አያያዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በጣሪያ ጠርዝ ላይ ስለሚጋገረውና የቀለጠውን ውኃ ስለሚያግደው የበረዶ ግድብ የሰጣችሁት ምክር አሸንዳን በማጽዳትና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ በመዘርጋት ብቻ ማብቃቱ ግን አንባቢው ገንዘቡን ያለ ቦታው እንዲያወጣ ያደርገዋል የሚል ሥጋት አሳድሮብኛል። ግድቡ የሚታየው ጣሪያው ላይ ቢሆንም ጥፋቱ የሚጀምረው ከኮርኒሱ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳርቻ ችግሩ የሚበረታበት ምክንያት አለው። ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ገና ሙቀቱን ባልጨረሰ የሐይቅ ውኃ ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይሸከማል፤ የብስ ሲደርስም የተሸከመውን በጠባብ መስመር ላይ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። በኖቬምበር 2022 በኤሪ ሐይቅ ዳርቻ ካለችው የቡፋሎ ከተማ በስተደቡብ በሚገኙ አንዳንድ ሰፈሮች በዚህ መንገድ በጥቂት ቀናት ውስጥ 2 ሜትር ገደማ በረዶ ወርዷል። የኤሪ ሐይቅ ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ብርዱ ሲበረታ ገጹ ወደ በረዶነት ይረጋና በረዶ የማውረድ አቅሙ ይደክማል፤ የኦንታሪዮ ሐይቅ ግን ጥልቅ በመሆኑ አብዛኛው ገጹ ሳይረጋ ስለሚከርም፣ ከምሥራቁ ያለው የተግ ሂል አምባ ወቅቱ እስኪያበቃ ድረስ በረዶ ሲወርድበት ይቆያል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የበረዶው ውፍረት ራሱ የጣሪያውን ሙቀት የሚለውጥ መሆኑን ነው። አዲስ የወረደ በረዶ አብዛኛው አካሉ አየር ስለሆነ እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላል፤ ከቤት ውስጥ ሾልኮ የወጣው ሙቀት ከሥሩ ይታፈናል፣ ውጩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ሳለም የጣሪያው ገጽ ከዜሮ በላይ ሊወጣ ይችላል። የቀለጠው ውኃ በሺንግሉ (ጣሪያውን በሚያለብሱት ተደራራቢ ክዳኖች) ላይ እየተንሸራተተ ይወርድና፣ ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ከወጣው ክፈፍ ሲደርስ ከሥር የሚያሞቀው ቤት ስለሌለ እዚያው ይረጋል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ግግሩ እያደገ ይሄዳል፣ ከበስተኋላውም ውኃ ይቋጠራል። የሺንግል መደራረብ ውኃ የማያስገባው ውኃው ወደ ታች እስከ ፈሰሰ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ የተቋጠረው ውኃ ከሥሩ ሰርጎ በምስማር ቀዳዳና በእንጨት መጋጠሚያ በኩል ወደ ኮርኒሱ ይደርሳል።

አሸንዳ የሚወቀሰው እንግዲህ ያለ ጥፋቱ ነው። ግግሩ እርሱም ውስጥ ስለሚሞላ ጥፋተኛ ይመስላል እንጂ፣ አሸንዳ በሌላቸው ቤቶችም ግድቡ ይሠራል። የትኛው ቤት ሙቀት እንደሚያባክን ለማወቅ ከፈለጋችሁ በረዶ በወረደ ማግሥት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጣሪያዎቹን ከመንገድ ላይ ተመልከቱ። በረዶው በእኩል ውፍረት የተኛበት ጣሪያ ጤነኛ ነው፤ እዚህም እዚያም የተገላለጠውና ከክፈፉ ረጃጅም የበረዶ ዘንግ ያንጠለጠለው የማሞቂያ ወጪውን ሰማይ ላይ የሚበትን ነው። በረዶው ቶሎ የቀለጠለትን ባለቤት ዕድለኛ አድርገን የምናይ ሰዎች አንጠፋም።

ሙቀቱ የሚያመልጥባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ኮርኒስ ውስጥ ተሰውረው የተገጠሙ መብራቶች ዙሪያ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ መውጫ ቀዳዳዎች፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለው ክፍተት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለ ላስቲክ የሚዘጋው የአቲክ (በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለው ባዶ ቦታ) መውጫ ክዳን። በእነዚህ የሚያልፈው ሞቃት አየር ነው፤ በላያቸው ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያግድ ሙሌት) ቢከመርም አየሩ በመካከሉ ሰርጎ ያልፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊዛባ አይገባም፦ መጀመሪያ ቀዳዳው ይታሸግ፣ ቀጥሎ ኢንሱሌሽኑ ይጨመር። በቀዝቃዛ አካባቢዎች አሁን የሚመከረው የኢንሱሌሽን ሙቀት የማገድ አቅም በሚለካበት መለኪያ አር-60 ሲሆን፣ ይህም እንደ ዕቃው ዓይነት ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይጠይቃል። ሦስተኛው ነገር ቀዝቃዛ አየር ከክፈፉ ሥር ገብቶ በጣሪያው ጫፍ እንዲወጣ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ኢንሱሌሽኑ በማሽን እየተነፋ ሲሞላ የክፈፉን አየር ማስገቢያ ይደፍነዋል። የመታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫም ወደ አቲክ ሳይሆን እስከ ውጭ ድረስ መዘርጋት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ሙቀቱንም እንፋሎቱንም በገዛ እጃችን እዚያ እንሰበስባለን። የጭስ ማውጫ ዙሪያ በተራ ፎም መታሸግ የለበትም፤ ቆርቆሮና እሳት የሚችል ማሸጊያ ያስፈልገዋል። ቤቱ ከታሸገ በኋላ በጋዝ የሚሠሩ ማሞቂያዎች ጭሳቸውን በትክክል ወደ ውጭ ማስወጣታቸውን ባለሙያ ሊያረጋግጥ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም ሊኖር ይገባል።

የማሞቂያ ገመድን ፈጽሞ አልቃወምም። የጣሪያው ቅርጽ ሌላ ምርጫ በማይሰጥበት ቦታ ውኃው የሚወርድበት መስመር ይከፍታል፤ ነገር ግን የሚያመልጠውን ሙቀት ሳያስቆም በላዩ የመብራት ወጪ የሚጨምር ማስታገሻ ነው።

ግድቡ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ችኮላ ከውኃው የባሰ ጉዳት ያመጣል። በመጥረቢያ ወይም በመዶሻ የሚፈነክተው ሰው ሺንግሉንም አብሮ ይሰብራል፣ በበረዶ ላይ የቆመ መሰላልም አይታመንም። የተሻለው፣ መሬት ላይ ቆሞ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ርቆ፣ በረጅም የጣሪያ መጥረጊያ ከክፈፉ በላይ ያለውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል አዲስ በረዶ ማውረድ ነው። ለረጋው ግግር ካልሲየም ክሎራይድ በረጅም ቀጭን ካልሲ ሞልቶ ግድቡን አቋርጦ ቢቀመጥ ውኃው የሚያመልጥበት ቦይ ይከፍታል፤ ተራው ጨው ግን በብርቱ ብርድ ይደክማል፣ ብረት ያዝጋል፣ ከሥር ያለውንም ተክል ያደርቃል። ከዚህ ያለፈ ከሆነ ግግሩን በእንፋሎት የሚያቀልጡ ባለሙያዎች ይጠሩ፤ በከፍተኛ ግፊት ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ይዞ የሚመጣውን ግን መልሱት።

ጣሪያቸውን አስነቅለው አዲስ ለሚያሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከሺንግሉ ሥር የሚለጠፈው ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ከክፈፉ ጫፍ ተነሥቶ የውጩን ግድግዳ ውስጠኛ መስመር ቢያንስ በ60 ሴንቲ ሜትር ማለፍ አለበት። በውላችሁ ላይ ይህ ልኬት በጽሑፍ ይስፈር፤ ሺንግሉ ከለበሰ በኋላ ማንም አይቶ ሊያረጋግጠው አይችልም።

ዝግጅት ክፍላችሁ በጉዳዩ ላይ እንደገና የሚጽፍ ከሆነ፣ ጽሑፉን በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር እንድታወጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ የኢንሱሌሽን ሠራተኞች ወረፋ ሳይበዛና የክፈፉ አየር ማስገቢያ በበረዶ ሳይሸፈን አቲክ ገብቶ መሥራት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ