አራተኛው ገጽ የት አለ?

ልጄ፣

የላክህልኝን የውጭ ክለብ ውል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስድስት ገጽ ነው ይላል፤ የደረሰኝ ግን አምስት ነው። አራተኛው የለም። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ! ስትደውልልኝ ድምፅህ ውስጥ የነበረውን ደስታ አውቀዋለሁ። እኔም በ23 ዓመቴ ውጭ ቅርጫት ኳስ ለመጫወት የፈረምኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ውሉን ግን አላነበብኩትም። ደመወዙን አየሁ፣ ፈረምኩ።

ይህን ታሪክ በወጉ ነግሬህ አላውቅም። «ጉልበቴን ተጎድቼ ተመለስኩ» ብዬ ነው የማልፈው። ሙሉው ይኸውልህ። በአራተኛው ወር ሪባውንድ፣ ማለትም ስቶ የተመለሰ ኳስ፣ ዘልዬ ይዤ ስወርድ ሰው እግር ላይ አረፍኩ። ጉልበቴ ዞረ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉም ጠየቀኝ። በሁለተኛው ሳምንት የክለቡ ኃላፊ ጠርቶኝ በእኔ ቦታ ሌላ ተጫዋች እንደሚመጣ ነገረኝ። የምኖርበትም ቤት ለእሱ ይፈለግ ነበር። የሁለት ወር ደመወዝ ቀርቶብኝ ነበር፤ «እንልክልሃለን» አሉኝ። እስከ ዛሬ አልላኩም። ወደ ቤት የተመለስኩት በራሴ ገንዘብ ትኬት ቆርጬ ነው። ውሌ ውስጥ ስለ ጉዳት አንድም ቃል አልነበረም። ጠብ ቢነሳ ማን እንደሚዳኘንም አልተጻፈም።

ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለቅርጫት ኳስ የሚሆን የግልግል ዳኝነት አቋቁሟል። መቀመጫው ጄኔቫ ነው። ያልተከፈለው ተጫዋች አቤት ይላል፣ ጉዳዩን አንድ ዳኛ ያየዋል። ክለቡ ተፈርዶበት አልከፍልም ካለ ፊባ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊያግደው ይችላል። ክለቦች የሚፈሩት ይህችን ነው። ግን ልብ በል፤ ይህ በር የሚከፈትልህ አንተና ክለቡ በእሱ ለመዳኘት በጽሑፍ ከተስማማችሁ ነው። ካልሆነ የሚጠብቅህ የሰው አገር ፍርድ ቤት ነው፤ ያውም በማታውቀው ቋንቋ። በእጄ ባሉት አምስት ገጾች ውስጥ ያ አንቀጽ የለም። ምናልባት አራተኛው ላይ ይሆናል።

ደመወዙ ከግብር በኋላ የሚደርስህ መሆኑ ተጽፏል፤ ጥሩ ነው። ቤትና የደርሶ መልስ ትኬትም አለ። የጤና ምርመራው ላይ ግን ቆም በል። ምርመራውን ካላለፍክ ውሉ ይፈርሳል ይላል፤ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚደረግ ግን አይልም። ቀኑ ይጻፍ። አለበለዚያ በሦስተኛው ወር የቆየ የቁርጭምጭሚት ሕመም አግኝተንብሃል ሊሉህ ይችላሉ። ወኪልህም የፊባ ፈቃድ እንዳለው አረጋግጥ፤ የባለ ፈቃዶቹ ስም ዝርዝር ፊባ ድረ ገጽ ላይ አለ። አሁን ካለህበት ክለብ ጋር ደግሞ በሰላም ጨርስ። ፌዴሬሽናችን መልቀቂያ ካልሰጠህ እዚያ አትመዘገብም።

ስለ ወረቀቱ ይህን ያህል። ስለ ሜዳውም ልንገርህ፣ ምክንያቱም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

አገር ቤት ሁለት ጨዋታ ቢበላሽብህ አሰልጣኝህ ትከሻህን መታ አድርጎ ያሳልፍሃል። ከልጅነትህ ጀምሮ ያውቅሃል። እዚያ ግን የውጭ ተጫዋች ነህ። ብዙ ሊጎች የውጭ ተጫዋቾችን ቁጥር ስለሚገድቡ የአንተ ቦታ ውድ ቦታ ናት። ቡድኑ ሲሸነፍ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍብህ አንተ ላይ ነው። ይህ ክፋት አይደለም፣ ሥራው እንደዚያ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስለሄድኩ በየሽንፈቱ እንደተጠላሁ ይሰማኝ ነበር። በዚያ ጭንቀት ኳስ ማቀበል ትቼ በየአጋጣሚው መወርወር ጀመርኩ። የባሰ ተበላሸሁ። አንተ የፈለጉህ በመከላከልህና በፓስህ ነው። እሱን ይዘህ ቆይ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመሄድህ በፊት አድርግልኝ። ከቋንቋቸው አስር ቃል ተማር፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ስክሪን (መንገድህን በሰውነቱ የሚዘጋ ተጋጣሚ)፣ ቀይር፣ ተመለስ፣ የእኔ ነው፣ የመሳሰሉትን። መከላከል በአፍ ጭምር ነው። እኔ ዝም ብዬ ነበር የምከላከለው፤ ከኋላዬ ስክሪን ሲመጣ የሚጮሁትን አልሰማም፣ እኔም አልጮህም። የቡድን ጓደኞቼ ኩራተኛ መስያቸው ነበር።

«ካሁን በኋላ እዚህ መቆየት ወደ ኋላ መቅረት ነው» ያልከውን ደጋግሜ አሰብኩበት። እኔ እንደዚያ አላየውም። አርጀንቲናዊውን ማኑ ጂኖቢሊን ተመልከት። ጣሊያን የሄደው መጀመሪያ አርጀንቲና ውስጥ ተጫውቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካው ሊግ የኤንቢኤ ክለብ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 57ኛ አድርጎ ሲወስደው ሻንጣውን ይዞ አልሮጠም። ጣሊያን ቆየ፣ በ2001 ከቦሎኛ ጋር የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ ዩሮሊግን በላ፣ ወደ ኤንቢኤ የሄደው በ2002 ነው። ከዚያ በኋላ አራት ዋንጫ አነሳ። በመሀሉ በ2004 አቴንስ ላይ ከአገሩ ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቀ። ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪችም እ.ኤ.አ. በ2014 በ41ኛ ምርጫ ከተመረጠ በኋላ አንድ የውድድር ዓመት ሰርቢያ ተጫውቷል። እነዚህ ብርቅ ተሰጥኦዎች ናቸው፣ አውቃለሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን አለመቸኮላቸው ነው።

እኔ ራሴ ጉልበቴ ድኖ ስመለስ አፍሬ ነበር። ሰው «ተባሮ መጣ» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስድስት ዓመት አገር ቤት ተጫወትኩ። በሕይወቴ ምርጡን ኳስ የተጫወትኩት ያኔ ነው። አንተም ኳስ መያዝ የጀመርከው ልምምድ ላይ ከጎኔ ተቀምጠህ ነው፤ ታስታውስ እንደሆነ አላውቅም።

አትሂድ አላልኩህም። ብትሄድ ደስ ይለኛል፣ የመጀመሪያውን ጨዋታህን ሌሊትም ቢሆን ነቅቼ አየዋለሁ። ብትመለስም በሩ ክፍት ነው፣ ማብራሪያ አልጠይቅህም።

አሁን ወኪልህን ደውልና አራተኛውን ገጽ ጠይቀው። «ቅጹ እንደዚህ ነው፣ ሁሉም የሚፈርመው ነው» ካለህ፣ እኔም የተባልኩት ይህንኑ ነው። ገጹ እስኪደርስህ እስክሪብቶ እንዳታነሳ። ሲደርስህ ወዲያው ላክልኝ፣ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እጠብቃለሁ።

አባትህ