ቡናው ሳይለቀም የሚያልቅ ውል

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጅማም እንደምታውቂያት ናት፤ ዝናቡ ገብቷል፣ መርካቶ አካባቢ ጭቃውና ባጃጁ አያሳልፍም። ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን። የትምህርት ክፍል ኃላፊ መሆንሽን የሰማሁት እንኳ ከሰው ነው። እንኳን ደስ አለሽ! ከልቤ ነው የምልሽ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከእንግዲህ የኮንትራት መምህራን ውል በእጅሽ ያልፋልና አንድ ነገር ልለምንሽ።

እኛ ዘንድ አንድ ልጅ አለ። ሁለተኛ ዲግሪውን በዕፅዋት ሳይንስ ሠርቶ በኮንትራት ያስተምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎማ ወረዳ ይሄዳል። በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ያለው ቡና ፀሐይ ከሚመታው ጋር በምርቱ ምን ያህል እንደሚለያይ ነው የሚያጠናው። አንድ ቀን ይዞኝ ሄደ። ቅርንጫፎቹ ላይ ቀይና ሰማያዊ ክር አስሯል። ክር ያለበትን ቅርንጫፍ ይዞ ፍሬውን አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ የረገፈውን ይለያል፣ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። የማሳው ባለቤት አንድ አዛውንት ናቸው፤ አብረውት እየዞሩ «ይሄን እንኳ ጦጣ ነው የበላው፣ እንዳትሳሳት» ይሉታል። ትራንስፖርቱን የሚከፍለው ከኪሱ ነው።

ውሉ ሰኔ 30 ያልቃል። ዋናው የቡና ለቀማ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም። ውሉ መታደሱ የሚታወቀው ተማሪ ከተመዘገበ በኋላ ነው። አምና እንደ ምንም ታደሰለት። ዘንድሮ በመሃል ሌላ ሥራ ካገኘ ይሄዳል፤ ምን ይሁን ታዲያ፣ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ቡና ደግሞ አንድ ዓመት በደንብ ካፈራ በሚቀጥለው ይቀንሳል። የአንድ ዓመት ቆጠራ ብቻውን ያሳስታል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ለቀማ ማየት ግድ ነው።

ለምርምር ገንዘብ ሲያመለክት «ዋና ተመራማሪው ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት» ተባለ። ለወረዳው የትብብር ደብዳቤ ሲጠይቅም «ቋሚ ሰው ይጠይቅልህ» አሉት። ሐሳቡ የሱ፣ ልፋቱ የሱ፣ ስሙ ግን ከኋላ። ይሄ ያንገበግበኛል። ክፍያውም ባስተማረው ሰዓት ልክ ስለሆነ ማሳ ላይ የዋለበት ቀን እንደ ሥራ አይቆጠርለትም።

«ነገ ጥሎ ለሚሄድ ሰው ምን ወጪ ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። አንቺም ስብሰባ ላይ መስማትሽ አይቀርም። የሚሄደው እኮ የሚይዘው ነገር ስላጣ ነው። ቋሚውስ ቢሆን ለሦስተኛ ዲግሪ ወጥቶ የሚቀር አለ አይደል? በዚያ ሰበብ ግን ቋሚውን ምርምር አትሥራ የሚለው የለም።

እስቲ እዚሁ አጠገባችን ያለውን የመልኮን የምርምር ማዕከል አስቢው። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ነው። ገበሬው ዛሬም የሚተክላቸው 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች እናት ዛፎች የተመረጡት በ1974 ነው፤ ስማቸው በ74 የሚጀምረውም ለዚህ ነው። ለገበሬው የደረሱት በ1979 ነው። ቡናው እያለቀ ስለነበር በጥድፊያ የተሠራ ሥራ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከምርጫ እስከ ገበሬ አምስት ዓመት ወሰደ። ሰኔ በመጣ ቁጥር ውሉ የሚያልቅ ሰው ይሄን እንዴት ይጨርሰው ነበር?

ልመናዬ ይኸውልሽ። ምርምር የሥራው አካል ሆኖ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ለሱም በሳምንት የታወቀ ሰዓት ይያዝለት፣ እንደ ማስተማሩም ይከፈልበት። ጥናት የጀመረ ሰው ውሉ ጥናቱ እስኪያልቅ ይሁን፤ ካልተቻለ ቢያንስ ክረምቱን ያሻግረው። ለትራንስፖርትና ለመረጃ ሰብሳቢ አበል የምትበቃ ገንዘብ በራሱ ስም መጠየቅ ይቻለው። ውሉ ቢያልቅ እንኳ ጽሑፉ እስኪታተም ኢሜይሉና የቤተ መጻሕፍት መግቢያው አይዘጋበት። ደግሞ ልምድ ያለው ሰው መድቢለት፤ ረቂቁን ቁጭ ብሎ አንብቦ የሚያርምለት፣ ስሙን የማይቀማው። እኔ ከሁሉም በላይ የምጓጓው ለዚህኛው ነው። ብቻውን የሚሠራ ወጣት የመጀመሪያው ጽሑፉ ተመልሶ የመጣ ቀን ተስፋ ይቆርጣል።

በጀቱ ካንቺ በላይ መሆኑን አውቃለሁ። የትብብር ደብዳቤ መፈረምና የሰውን ስም በቦታው ማስቀመጥ ግን ሳንቲም አያስወጣም፤ ከዚያ ጀምሪ።

እኛም ለአለቆቻችን የምናቀርበው ረቂቅ እያዘጋጀን ነው። የእናንተን የውል ቅጽ ላኪልኝና እናመሳክረው። ልጁ ደግሞ የአምናውን ቆጠራ እንድታዪለት ይፈልጋል፤ ስታቲስቲክስ ላይ ጎበዝ መሆንሽን ነግሬዋለሁ። ሰኔ ሳያልቅ ብታዪለት ደስ ይለኛል።

እማማን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹንም ሳሚልኝ።

ወዳጅሽ፣ ከጅማ