ለአባቴ፦ ከዳገቱ ይልቅ ስለ ቁልቁለቱ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከወጣቶች ጋር በብስክሌት ዳገት ለዳገት ስሽቀዳደም ልቤ እንዳይጎዳ መስጋትዎን በስልክ ነግረውኝ ነበር፤ ነገሩ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ላስረዳዎ ወደድሁ። ሐኪም ልቤን መርምሮ እንድወዳደር ፈቅዶልኛል፤ ስለዚህ ስጋትዎን ከዳገቱ ላይ አንሥተው ወደ ቁልቁለቱ ቢያዛውሩት የበለጠ ትክክል ይሆናሉ።

ዳገት ያደክማል እንጂ አያታልልም። በ100 ሜትር መንገድ ውስጥ 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ እኔና ብስክሌቴ በአንድነት 80 ኪሎ ብንመዝንና በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብንጓዝ፣ ያንን ክብደት ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 200 ዋት ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ ከሌላው ጎማ ኋላ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው ነፋሱን ከፊት ያለው ስለሚሰብርለት ብዙ ጉልበት ይቆጥባል፤ በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ይህ ጥቅም እጅግ ያንሳል፣ እያንዳንዱም የራሱን ክብደት ራሱ ያወጣል። በዚህ ምክንያት ቀጫጭኖቹ ወጣቶች ገና ከዳገቱ ግርጌ ሲፈተለኩ እኔ የልብ ምት መለኪያዬን እያየሁ ዝም ብዬ እሸኛቸዋለሁ። ከእነርሱም አንዳንዶቹን ወደ ጫፉ ስንቃረብ ትንፋሽ አጥሯቸው ሳገኛቸው ደስ እንደሚለኝ አልደብቅዎትም፤ የቀሩትን ግን እስከ ፍጻሜው መስመር ድረስ አላያቸውም።

ማርሹም ቢሆን ለእኛ ዘመን ሰዎች ትልቅ ምሕረት ነው። ቱር ደ ፍራንስ የተባለው ታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1910 ወደ ከፍተኞቹ የፒሬኔስ ተራሮች ሲገባ፣ የዚያን ዓመት ውድድር ያሸነፈው ኦክታቭ ላፒዝ ሳይቀር ከዳገቱ ከፊሉን ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ወጥቷል፤ አዘጋጆቹንም «ነፍሰ ገዳዮች!» ብሎ እንደ ጮኸባቸው ይነገራል። እየጋለቡ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው መሣሪያ በዚያ ውድድር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። እኔ ዛሬ ዳገቱ ሲጠነክር ወደ ቀላሉ ማርሽ ቀይሬ እግሬን ሳላስጨንቅ ፔዳሉን አዞራለሁ፤ ስለ ምግቡም እንዳያስቡ፣ ሳይርበኝ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየበላሁ እጓዛለሁ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ ልምጣ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ ብስክሌቱ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ይኸውም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በ30 ከሚወርደው ጋር ሲነጻጸር ማለቴ ነው። ያንን ሁሉ ፍጥነት የሚቆጣጠረው ጎማ ደግሞ አስፋልቱን የሚነካው በአውራ ጣት በሚያህል ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍሬን የምይዘው ኩርባው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ሳይሆን ከመግባቴ በፊት፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው፤ ምክንያቱም ያዘነበለ ጎማ መታጠፉንም መቆሙንም በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ይከዳል። ከዚያ በኩርባው ውጭ በኩል ያለውን ፔዳል ወደ ታች አድርጌ ክብደቴን አሳርፍበታለሁ፤ ዓይኔንም ከምሸሸው ገደል ላይ አንሥቼ መንገዱ ወደሚወጣበት አቅጣጫ እልካለሁ፤ ብስክሌት ጋላቢው ወዳየበት ይሄዳልና። በቴሌቪዥን ያዩት፣ ከኮርቻው ወርዶ በብስክሌቱ አግዳሚ ብረት ላይ ተቀምጦ መውረድ፣ ለባለሙያዎቹም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ተከልክሏል፤ እኔም ባይከለከልም ኖሮ አልሞክረውም ነበር። በዳገት የቀደምኋቸው ወጣቶች በቁልቁለቱ መልሰው ሲያልፉኝ ጥጉን ለቅቄላቸው በራሴ ፍጥነት እወርዳለሁ፤ በዚህም የማጣቸው ጥቂት ደረጃዎች እንቅልፍ የሚነሡኝ አይደሉም።

የሚቀጥለውን ውድድር ለማየት እመጣለሁ ካሉ፣ እባክዎ በቁልቁለቱ ኩርባ አጠገብ አይቁሙ፤ ለእርስዎም ለጋላቢዎቹም አደገኛ ነው። አዘጋጆቹ ውሃ ማቀበል በፈቀዱበት የዳገቱ ክፍል ላይ፣ እኛ ቀስ ብለን በምናልፍበት ቦታ ወንበርዎን አስቀምጠው ይጠብቁኝ። የውሃ መያዣውን ከአንገቱ በጣቶችዎ ጫፍ ብቻ ይያዙት፤ ክንድዎን ወደ መንገዱ ዘርግተው ይቁሙ እንጂ ከእኔ ጋር አይሩጡ፤ እኔ ስይዘው ወዲያው ይልቀቁት። ቀይ መለያ ስለምለብስ ከሩቅ ያውቁኛል።

አክባሪ ልጅዎ